ነጭ ጎኑ ወይስ ባለፊደሉ

ደሴ፤ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፤ በዕለተ ሚካኤል

ይድረስ ለወንድሜ ለሐጂ ዘይኑልአቢዲን፤ ኮምቦልቻ

ከቆላው ሙቀት፣ ከጎማው ሽታና ከደንበኛው ጭቅጭቅ መካከል እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ከሪማስ እንደምን ናት? እኔ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ጉልበቴን ከመቈርጠሙ በቀር በጤና አለሁ። ስለ ዐይኔ መጠየቅህን ግን አልወደድኩትም፤ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠይቀሃል። ዐይኔ ደኅና ነው። ይህንን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው፤ መስመሩም እንደምታየው አልተጣመመም።

ወደ ጥያቄህ ልለፍ። ለጥቁሯ ኦፔል አዲስ ጎማ ሲገጠም ጎኑ ዙሪያውን ነጭ የሆነው ይሻላል ወይስ በነጭ ፊደል የተጻፈበት ብለኸኛል። ዕድሜ ልክህን ጎማ ስትሸጥ ኖረህ ይህንን ከአንድ የቅኔ መምህር መጠየቅህ አስገርሞኛል፤ ቢሆንም የተጠየቀ ይመልሳል። ነጭ ጎኑ ነው። ዳኛ ሳለሁ መኪናዋን ከግሪኩ ነጋዴ ስገዛት በነጭ ጎን ጎማ ቆማ ነበር፤ ሰው የለመደው ልብስ እንዳለው እርሷም የለመደችው እግር አላት። ጥቁር ካባ የደረበ ካህን ከራሱ ላይ ነጭ ሲጠመጥም የሚያገኘውን ግርማ አስብ፤ ያ ነጭ ከሌለ ካባው ብቻውን የሐዘን ልብስ ይመስላል። ባለፊደሉ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ፊደል የተከበረ ነገር ነው። የባዕድ ፊደል ነው፣ የፋብሪካ ስም ነው ትለኝ ይሆናል፤ ጽሕፈት ግን ጽሕፈት ነው፤ አህያ በጣለችው ላይ እየተንከባለለ እንዲሄድ ሕሊናዬ አይፈቅድም። አንተም ብትሆን የተጻፈበት ወረቀት ከመሬት ወድቆ ስታይ አንሥተህ በግንብ ስንጥቅ የምትሸጕጥ ሰው ነህና ይህ ነገር ይገባሃል።

አሁን ደግሞ የእኔን ነገር ስማ። ባለቤቴ አረጋሽ ሳትታመም፣ ሳንሰናበት፣ በድንገት ከሄደች እነሆ ጥር አስተርእዮ ማርያም ዓመት ይሆናታል። አርባዋን ባወጣን ማግስት መጥተህ «የደሴ ጭጋግ ብረቷን ይበላዋል፤ የእኔ መጋዘን ጣሪያ አለው፤ ሐዘንዎ እስኪወጣ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ብለህ መኪናዬን ወሰድካት። ልቤ የተሰበረ ነበርና ቁልፉን ሰጠሁህ። ሐዘኑ ባይወጣም ሙት ዓመቱ ደርሷል። አረጋሽ ያረፈችው በተወለደችበት በኩታበር ደብር ነው፤ ወደዚያም የምሄደው በራሴ መኪና፣ በራሴ እጅ ነድቼ ነው። የቤንዚን ኩፖኔን ሳልነካ አስቀምጫለሁ። ጎማውን ገጥመህ ከልደት በፊት እንድትልክልኝ አደራ እልሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ ይዤ ማደር አልቻልኩም። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር ሙሄዲን መኪናዬን ደጋን ከተማ ላይ እንዳያት ነገረኝ።

«ከፊት ወንበር ማን ተቀምጧል?» አልኩት።

«ሴት ናት፤ ሻሽ ያሰረች» አለኝ።

ያ ወንበር የማን እንደ ነበር አንተ ታውቃለህ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወንድምህ
አለቃ ቀለሙ


ኮምቦልቻ፤ ኅዳር 18 ቀን 1974፤ ጁምዓ

ለክቡር አባቴም ወንድሜም ለአለቃ ቀለሙ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎ፤ ከሪማ ጥቁር አዝሙድ በዘይት አሽታ ልካለች፤ ከመኝታ በፊት ይቀቡት። እንደ እናት የሚያሻዎት ሰው ባይኖርም ሥርጉት የእኅትዎ ልጅ እጇ ለስላሳ ነው ይባላል።

ስለ ደጋኑ ነገር አውፍ ይበሉኝ። መኪና ቆሞ ሲውል ባትሪው ይሞታል፤ ዘይቱም ይተኛል። በወር አንዴ ማንቀሳቀስ ግድ ስለሆነ ነው እንጂ ለሽርሽር አልነበረም። ከሪማን ከፊት ያስቀመጥኳት ከኋላ ሁለት ጆንያ በርበሬ ስለነበረ ነው። «በእመት አረጋሽ ቦታ አልቀመጥም፣ በእግሬ ልሂድ» ብላ መንገድ ላይ አቁማኝ ነበር፤ ወላሂ። በርበሬው ነው ያስገደዳት።

የዐይንዎን ነገር የጠየቅኩት በክፉ አይደለም። ካሳዘንኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የጎማው ጉዳይ። ከአሰብ የመጣው ነጭ ጎን ሁለት ብቻ ነው። ሁለት እግር ነጭ፣ ሁለት እግር ጥቁር አድርገን ብንልካት የደሴ ልጆች «ካልሲዋን የጣለች» ብለው ይሳለቁባታል። ባለፊደሉ ግን አራት ሙሉ አለኝ። ስለ ፊደሉ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ብሆን ጽሑፍ ሲረገጥ ደስ አይለኝም። ነገር ግን መላ አለው፤ ጎሚስታው ሲገጥም ፊደሉን ወደ ውስጥ ያዞረዋል፤ ከውጭ ንጹሕ ጥቁር ይታያል፤ ጽሑፉም ጭቃ አይነካውም ባይባልም ሰው አያየውም። ትንሽ ሰፋ ስለሚል መሪው ሲጠመዘዝ ጭቃ መከላከያውን እንዳይልጥ ማየት አለብኝ። እሱን እስክሞክረው ትንሽ ይታገሱኝ። ጎማው ያልሆነ መኪና በሐረጎ ጠመዝማዛ መላክ ኀጢአት ነው።

ደግሞም እመት አረጋሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢጠየቁ ባለፊደሉን ነበር የሚመርጡት። «እኔ እንደሆንኩ ከነጩ ይልቅ ፊደል ያለበቱን ነው የምወደው» ይሉ ነበር።

አክባሪዎ
ዘይኑልአቢዲን


ደሴ፤ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፤ በበዓለ ጽዮን

ለተከበሩ ለሐጂ ዘይኑልአቢዲን አብዱልወሀብ፤
የጎማና የመኪና ዕቃ ነጋዴ፤ ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ። የላኩት ቅባት ደርሷል፤ ለባለቤትዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

«ይሉ ነበር» ብለው ጽፈዋል። አንድ ጊዜ «አሉ» ብለው ቢሆን፣ ከአሳቻ ቦታ የወደቀ ቃል ነው ብዬ ባለፍኩት። «ይሉ ነበር» ግን ተደጋግሞ የተሰማ ነገር ነው። እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህንን ነው፤ መቼ አለች? የት አለች? ማን ባለበት? አረጋሽ ኮምቦልቻን የረገጠችው የልጅዎን ሰርግ ልንበላ በሄድን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ከእናቶች ድንኳን አልወጣችም፤ እርስዎም እንግዳ ሲያስተናግዱ ነው የዋሉት። በቤቴ በመጡ ጊዜ ሁሉ እኔ አጠገብ ነበርኩ። የጎማ ወሬ በመካከላችሁ አላለፈም።

ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነጭ አይስማማኝም» ብላኝ አታውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሙናና ቡሩሽ ይዛ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ከመኪናዋ እግር ሥር ተንበርክካ ነጩን ስትፈትግ አይቻታለሁ። አውቶቡስ ጣቢያ የቆመ ጫማ ጠራጊ እንኳ እንደዚያ አይፈትግም። እኔም በረንዳ ላይ ዳዊቴን ይዤ እያየኋት «ይህች ሴት ከእኔ ይልቅ ይህንን ነጭ ትወዳለች» እል ነበር።

ያሉትን ቃል እንደ ትርጓሜ ቤት ሥርዓት አስቀምጬ አመላለስኩት። ባለፊደሉን እወዳለሁ ማለቷ፣ ነጩን ማጠብ ስለ ሰለቻት ነው። አንድም፣ ነጭ ጎን ለታይታ ነውና ታቦት ፊት ተኩራርቶ መሄድ አይገባም ብላ እኔን መገሠጿ ነው። አንድም፣ እርስዎ የተከማቸብዎትን ባለፊደል ለመሸጥ ሙት ሴት ምስክር መጥራትዎ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል፤ ለእርስዎ የሚሻለው ግን እርሱ መሆኑን ልብ ይበሉ። እርሱ ካልሆነ ሚስቴ እኔ በሌለሁበት ከእርስዎ ጋር ትጨዋወት ነበር ማለት ነውና።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ስለ ጎማው አይጻፉልኝ።

አለቃ ቀለሙ


ኮምቦልቻ፤ ኅዳር 27 ቀን 1974

ለክቡር አለቃ ቀለሙ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መነጽሬ ተሰብሮብኝ ከሪማ ናት ያነበበችልኝ፤ «እርስዎ» የሚለው ጋ ስትደርስ የተሳሳተች መስሏት ደግማ አነበበችው። ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ ዘይኑ» ብለውኝ፣ ከሰው ፊት እንኳ «ሐጂ» ሳይሉኝ ነው የኖርነው። ማዕረግ ስድብ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

አልዋሸሁም። እመት አረጋሽ ያሉትን ነው የጻፍኩት። መቼና የት የሚለውን ግን አይጠይቁኝ። አማና ነው። እርስዎ የነፍስ አባት አለዎት፤ የተናዘዙትን ያወጣል? እኛም አማና የምንለው እንደዚያ ነው፤ የሰጠው ሰው ቢሞት እንኳ ይጠየቁበታል። ብዕሬ ተንሸራቶ ያችን ቃል መጻፌ ራሱ አጥፍቻለሁ።

በክፉ አያስቡት። በልጆቼ ይሁንብኝ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ ጎማ አይጻፉ ብለዋል፤ ቢሆንም መኪናዋን በቶሎ ይፈልጋሉና ልጽፍ ነው። ሌላ ሁለት ነጭ ጎን በባቲ በኩል ይመጣል የሚል ወሬ አለ። ይታገሱኝ። የአሁኖቹ ጎማዎች ተልጠው ክሩ ወጥቷል፤ በዚህ ላይ ከውስጥ አየር የሚይዙት ካላማዳሪዎች አርጅተዋል። የሐረጎ ዳገት ላይ አንዱ ቢፈነዳ ዕዳው ከእኔ ራስ አይወርድም።

ከጓሮዬ ፓፓያ ልኬአለሁ። ለጾሙ ይሆናል።

ዘይኑልአቢዲን


ደሴ፤ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፤ በዓታ ለማርያም

ለሐጂ ዘይኑልአቢዲን አብዱልወሀብ

ፓፓያውን ሥርጉት በልታዋለች። እኔ አልቀመስኩትም።

እርስዎ አማና ብለው የዘጉትን በር ሙሄዲን ሳያስበው ከፈተው። ደብዳቤዎን ሊያደርስ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንዲህ ተባባልን፤

«አለቃ፣ ያን ሁሉ ደብዳቤ ከምጽፍ እኔ ብሆን ወርጄ አነጋግረው ነበር» አለኝ።

«አንተ ምን ቸገረህ፤ መንገዱን ለምደኸዋል።»

«እማማ አረጋሽም እኮ ለምደውት ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሐሙስ ሐሙስ ከኋላዬ ያለችውን ወንበር ለሌላ ሰው አልሸጥም ነበር። አንዴ አንዱ ወታደር ሊቀመጥባት ቢል "ይቺ የእማማ ናት፣ ጓድ" ብዬው ተቈጣኝ።»

«የት ነበር የምትወርደው?»

«ኮምቦልቻ ነዋ። ሐጂ ዘይኑ ሱቅ በር ላይ ነው የማወርዳቸው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደግሞ እዚያው እጭናቸዋለሁ። እርስዎ አያውቁም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አልኩት። በጾም ዋሸሁ።

ሐሙስ ማለት ለእኔ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ማለት ነበር። «ካልሄድኩ ስኳርና ሳሙና ይከለክሉናል» ትለኝ ነበር። እኔም ያንን ማኅበር ስረግም ኖሬአለሁ፤ ሊቀ መንበሯን ወይዘሮ በመንገድ ባገኘኋት ቍጥር ፊቴን አዙሬባታለሁ፤ ሚስቴን ቀኑን ሙሉ መፈክር እያስጮኸች ታደክምብኛለች ብዬ። ለካ ያቺ ሴት ከበደሉ ንጹሕ ናት። ሚስቴ መፈክር ሳይሆን የእርስዎን ጎማ ስታደንቅ ነበር የምትውለው።

ቅናት ክፉ ነው ብዬ በዐውደ ምሕረት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያዕቆብ ለአንዱ ልጁ ባለኅብር ቀሚስ ማልበሱ ስንት እንዳስከፈለው ሳስረዳ ምእመናን አልቅሰዋል። አሁን ግን ያ ሁሉ ትምህርት እንደ ዓመት በዓል ልብስ ከሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሌሊት ዕንቅልፍ የለኝም። በሱቅዎ ውስጥ የትኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ እንደ ነበር፣ ማን ውሃ ያቀርብላት እንደ ነበር፣ በምን ነገር ትሥቅ እንደ ነበር ሳስብ ይነጋል። በእኔ ቤት ጥቂት ነበር የምትሥቀው። ሐሙስ ማታ ግን ፊቷ ፈካ ብሎ ትመለስ ነበር፤ ይህንን አሁን ነው ያስታወስኩት፤ ባላስታውሰው በተሻለኝ።

ባቲ፣ አሰብ፣ ጭቃ መከላከያ የሚሉት ሁሉ መኪናዬን ለማስቀረት የተፈጠረ ሰበብ እንደሆነ ገብቶኛል። ሚስቴን ሐሙስ ሐሙስ ወስደዋል፤ መኪናዬን ደግሞ ሙሉ ሳምንቱን ሊወስዱ አስበዋል። ስለዚህ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት ቅዳሴ እንደ ወጣሁ በሙሄዲን አውቶቡስ ወርጄ መኪናዬን በተላጠ ጎማዋ እኔው ነድቼ ወደ ደሴ አወጣታለሁ። ክሩ ቢወጣ፣ ካላማዳሪው ቢፈነዳ፣ የእኔ ዕዳ ነው። ቁልፉን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።

አለቃ ቀለሙ


ኮምቦልቻ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1974፤ ጁምዓ

ለአለቃ ቀለሙ

ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው ከመስጊድ መልስ ነው። ሼሃችን ዘንድ ሄጄ ስም ሳልጠራ ጠየቅኳቸው። «አንድ ሰው አማና ቢይዝ፣ ያንን አማና መጠበቁ ሌላውን ሰው የሚገድል ቢሆን ምን ያድርግ?» አልኳቸው። «ነፍስ ከቃል ትቀድማለች፤ ይናገርና ከሟቿ ዘንድ አላህ ያስታርቀው» አሉኝ። ሟች ሴት መሆኗን አልነገርኳቸውም ነበር። ፊቴ ላይ አንብበውታል መሰለኝ። ከሪማም «ዛሬ ካልጻፍክ እኔ ደሴ ወጥቼ እናገራለሁ» ብላለች።

አለቃ፣ እመት አረጋሽ በድንገት አልሞቱም። ልባቸው ታሞ ነበር። ኮምቦልቻ የሚወርዱት ሐኪም ዘንድ ነው። ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ቢታዩ ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ ቤትዎ ስለሚደርስ፣ ሰው ወደማያውቃቸው ወደዚህ ይመጡ ነበር። ከሐኪም ሲወጡ ደክሟቸው አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ እኛ ዘንድ ያርፋሉ። ከሪማ ፍራሽ ታነጥፍላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ተኝቼ ከምውል ሰው ልይ» ብለው ሱቁ ውስጥ፣ ከጎማዎቹ መሀል በርጩማ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ሐኪሙ እንደማይድኑ ሲነግራቸው የሰማነው እኔና ከሪማ ብቻ ነን። «አለቃ እንዳይሰማ» አሉን። «ለምን?» ስንላቸው «እርሱ ካወቀ ከዛሬ ጀምሮ ያዝንብኛል፤ እኔ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን እንዲቈጣኝ ነው የምፈልገው» አሉ። ያኔ ሥቀን ነበር። በምን ነገር ትሥቅ ነበር ብለው ጠይቀዋልና ነው የምነግርዎ።

መኪናዋም ሌላው አማና ነው። እኔ አልሰረቅኳትም። «እኔ ከሞትኩ መኪናዋን ከእርሱ ወስደህ አስቀምጥልኝ» ብለው ያስማሉኝ እርሳቸው ናቸው። ዐይንዎ ሩቁን ማየት ካቆመ ሰንብቷል፤ ይህንን እርስዎ ባያምኑም እርሳቸው ያውቁ ነበር። እርስዎ ሲነዱ እመት አረጋሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልዩ አልነበረም? መንገዱ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ «እመብርሃን» ይላሉ፤ ወደ ግራ ሲሆን «ጊዮርጊስ» ይላሉ፤ ከፊት መኪና ሲመጣ ደግሞ «አቤቱ» ይላሉ። እርስዎም ሳያውቁት በዚያ ድምፅ ነው የሚነዱት። «እኔ ስሄድ ማን ይጸልይለታል?» አሉኝ። ይህንን ሲነግሩኝ አልሣቅንም።

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? አይንዱ ብዬ ብናገር ለምን ይሉኛል፤ ለምን ከተባለ አማናው ይወጣል። መኪናዬን አምጣ ሲሉኝ የታየኝ መላ የጎማ ነገር ብቻ ነበር። ነጭ ጎኑ ወይስ ባለፊደሉ እያልኩ ወራት የማስቈጥር መስሎኝ ነው። ሁለት ብቻ ነው ያለኝ ያልኩት ውሸት ነው፤ አራት ነጭ ጎን ከመስከረም ጀምሮ በመጋዘኔ ተቀምጧል። የሰው መኪና የያዘ ሌባ መስዬ መታየቴን መርጬ ነበር፤ የእርስዎ ቍጣ ግን ከገመትኩት በላይ ሆነብኝ።

ባለፊደሉን እመርጣለሁ ያሉት ከጎማዎቹ መሀል በተቀመጡበት ነው። እጃቸውን ፊደሉ ላይ እያስኬዱ ነበር የሚናገሩት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እርስዎ በሦስት ተርጕመውታል፤ የእኔ ዕውቀት ለአንዱም አይደርስም።

የገብርኤል ዕለት ቁልፉን አልሰጥዎትም። ቢፈልጉ ይርገሙኝ። እንደ እመት አረጋሽ መጸለይ አላውቅበትም፤ ቁልፍ መከልከል ግን እችላለሁ።

አላህ ያብሽርዎ።

ዘይኑ


ደሴ፤ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፤ በዕለተ ገብርኤል

ለወንድሜ ለዘይኑ፤ ኮምቦልቻ

ዛሬ እንደ ዛትኩት አልወረድኩም። ከቅዳሴ ወጥቼ ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ እንኳ አላለፍኩም። ደብዳቤህን ሥርጉት እንዳታገኘው ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከትቼ፣ ጸሎት ሳደርስ እያወጣሁ ሳነበው ሰነበትኩ። ሙሄዲን መልስ አለ ወይ እያለ ሲመላለስ «ቆይ» እለዋለሁ። «አለቃ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» ሲለኝ ዳዊቴን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ልቈጣህ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። ላመሰግንህም ፈለግሁ፤ እርሱም አልሆነልኝም። ቅናት እውነት ሲነገረው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የቀና ሰው ሐሰት ስለ ጠረጠረ ነው የሚቀናው፤ ሐሰቱ ሲገለጥ ይድናል ብዬ ነበር። አሁን ጥርጣሬው ሄዷል፤ ቅናቱ ግን እንደ ባለርስት ተደላድሎ ተቀምጧል። አንተ ክፉ አልሠራህም፤ እርሷም አልሠራችም፤ ነገር ግን እንደምትሞት አንተ አውቀህ፣ ከሪማ አውቃ፣ እኔ በዚያው ቀን ወጡ ጨው በዝቶበታል ብዬ ሳጕረመርም ነበር። የሕመሟን ቀናት ከእኔ ሰውራ ለአንተ ሰጠች። መኪናዬን ብትሰጥህ ይሻለኝ ነበር።

በጠመዝማዛው የምትጸልየውን ጽፈህልኛል። «ቅዱሳን ደንቆሮ አይደሉም፤ ቀስ ብለሽ ጸልዪ» እያልኩ እቈጣት ነበር። እርሷ ደግሞ የባሰውን ትጮኻለች። ታዲያ ትላንት ራሴን ፈተንኩት፤ በረንዳ ላይ ቆሜ ጎረቤቴን ከመንገዱ ማዶ ጠራሁት፤ «እንደምን ዋልክ?» ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁለት። ሥርጉት መጥታ «አጎቴ፣ የመብራት ምሰሶ እኮ ነው» አለችኝ። ምሰሶውም ሰላምታዬን በትሕትና ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ ስለ ዐይኔ የጻፍኩልህን ተወው።

አሁን የምለምንህን ስማኝ፤ ከመለመን ሌላ ስም አላገኘሁለትም። እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ትምህርትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህር አፍ ነው የምንቀበለው፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ እስኪያዝ ድረስ ይመላለሳል። አንተ ዘንድ የእኔ ያልሆኑ ሐሙሶች አሉ። እነርሱን ትነግረኛለህ። የተናገረችውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለችበትንም ትነግረኛለህ፤ ከሱቅህ ስለ ገባ ደንበኛ የተናገረችውን፣ በከሪማ ወጥ ላይ ያወጣችውን ነቀፋ፣ እኔን ስታማ የነበረችውን ሁሉ። እንደምታማኝ አልጠራጠርም፤ እርሱን እንዳታስቀርብኝ። ሽማግሌ ተማሪ ሆኜ እግርህ ሥር እቀመጣለሁ፤ ስስት የያዘው ተማሪ ስለሆንኩ ግን አትሰልችብኝ።

ዘንድሮ ልደትና መውሊድ ተከታትለው ይውላሉ። ልደትን በደሴ አክብሬ በመውሊድ ቀን ወደ አንተ እወርዳለሁ። ዓርብ ነውና ጾም ነው፤ ሥጋችሁ ከሥጋችን አያጣላንም፤ ከሪማ ሽሮ ካላት ይበቃኛል። ፍራሹን ካነጠፈችልኝም እተኛበታለሁ። ወደ ኩታበር ለሙት ዓመቱ የምትነዳው አንተ ነህ። መንገዱን አታውቀውምና ከወዲሁ ጠይቅ።

ስለ ጎማው የቀረኝን ልናገር። ባለፊደሉን ለምን እንደ መረጠች አልጠየቅኳትም ብለሃል። ደግ አደረግህ። ጠይቀሃት፣ መልሳልህ ቢሆን ኖሮ፣ ያንን ይቅር ለማለት ዕድሜዬ አይበቃም ነበር። ሌላውን ሁሉ ከአንተ እቀበላለሁ፤ ያንን ግን እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ፤ በተገናኘን ጊዜ መልሷን ከአፏ እሰማለሁ፤ ስሰማም አንተ አጠገባችን አትኖርም። እስከዚያው ድረስ በዚህ ነገር ከእርሷ ጋር አልተስማማሁም። አራቱንም ነጭ ጎን ግጠም።

ወንድምህ
ቀለሙ